ወገቡ የተበየደ ሳይክል

ግራሶ ፀሐይ ሲመታው የራሱ ሽታ አለው። ለሌላ ሰው የጋራዥ ሽታ ነው፤ ለእኔ ግን የእሑድ ከሰዓት ሽታ ነው። በቀደም ዕለት ሳይክሌን እየገፋሁ ብረት ከሚቀረጽበት ቶርኖ ቤት ስመለስ፣ የአዳማ ፀሐይ አናት በሚበሳበት ሰዓት፣ ያ ሽታ ከእጄ ላይ ተነሥቶ አፍንጫዬ ውስጥ ገባና እንባዬ መጣ። የመንገዱ ዳር ላይ ቆሜ ዓይኔን በነጠላዬ ጫፍ ስጠርግ ያየኝ አንድ የባጃጅ ሹፌር ፍጥነቱን ቀንሶ፣ "ማዘር፣ ሳይክሉን ከኋላ አስሬልዎት ላድርስዎት?" አለኝ። "ሂድ ወዲያ፣ አንተ ሳትወለድ ጀምሮ እኔን የሚያደርሰኝ እሱ ነው" ብዬ ሸኘሁት። ከነርስነት ሥራዬ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ምላሴ ግን ገና አልወጣም።

የምገፋው ግን ወድጄ አልነበረም። ሳይክሌ ከፊትም ከኋላም ሞላ ያለው የድሮ የተራራ ሳይክል ነው። የኋላ እግሩ ከወገቡ ጋር በሚታጠፍበት ቦታ፣ ብረት ከብረት እንዳይፋጭ መሐል የሚገባ ቀለበት አለው፤ ቦኮላ ይሉታል። ያ ቦኮላ አልቆ ነበር። በተቀመጥኩበት ቁጥር ሲጢጥ ይላል፣ የኋላ ጎማውም እንደ ሰከረ ሰው ግራ ቀኝ ይላል። ቦኮላውን ሁልጊዜ የሚሠራልኝ ባለቤቴ ተሾመ ነበር፤ ተሾመ ካረፈ ደግሞ ዓመት ሊሞላው ነው። አዲስ አበባ የምትሠራው ልጄ ሕይወት ቅዳሜ ለሙት ዓመቱ ትመጣለች፣ ሳይክሉን ደግሞ ግቢው ውስጥ ማየት አትፈልግም። "እማዬ፣ በዚህ ዕድሜ ሳይክል? ወድቀሽ ዳሌሽ ቢሰበርስ ማን አለሽ? ለቁራሌው ስጪው በቃ!" ስትል ከረመች። ፍርሃቷ ስለገባኝ፣ "እሺ፣ እስከ ቅዳሜ ቦኮላ የሚሠራልኝ ካጣሁ እሰጠዋለሁ" አልኳት። ያን ቀን የቀረኝ አንድ ቶርኖ ቤት ነበር። ባለቤቱ ያሬድ የሚባል ሥራ የበዛበት ሰው ነው፤ "ማዘር፣ የባጃጅ ሥራ ተደራርቦብኛል። ለአንዲት ቀለበት ብዬ ማሽኑን አልፈታም፤ አዲስ ሳይክል ይግዙ" አለኝ። አክብሮ ነው የነገረኝ፤ አክብሮት ግን ቦኮላ አይሆንም።

እንግዲህ እንባዬን ጠርጌ መግፋቴን ስቀጥል ነው፣ ከጋሪ ተራው ጥላ ሥር "ሲስተር! ሲስተር ዘነበች!" የሚል ድምፅ የሰማሁት። በሲስተር የሚጠራኝ ከጠፋ ስንት ጊዜው ነው! ዞር ስል አንድ ጥቁር መነጽር ያደረጉ ሽማግሌ ዱላቸውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። "አከም ጅርታ ሲስተር? ባለ ባጃጁን ስትቆጪው በድምፅሽ አወቅኩሽ። ይሄ ድምፅ ቡልቡላን ሙሉ ሲያዳርስ አልነበር እንዴ!" አሉኝ። ቀረብ ብዬ ፊታቸውን ሳየው አወቅኳቸው። የቡልቡላው በያጅ ጋሽ ገመዳ ናቸው። በዚህ ዓለም ላይ ምስጋና ያለብኝን ሰዎች አሰልፉ ብትሉኝ ከፊት የማቆማቸው ሰው፣ ምን እንዳደረጉልኝም የማያውቁ ሰው።

ያ ዘመን ምን ዘመን ነበር ብትሉኝ ዓመተ ምሕረቱን እተወዋለሁ። የማስታውሰው ባቱን ዝዋይ፣ አዳማን ናዝሬት ብለን እንጠራ እንደነበር ነው። ሞባይል ያለው ሰው ኪሱ ውስጥ አይከተውም፤ ሰው እንዲያይለት በእጁ ይዞት ይሄዳል። ዝዋይ ሐይቁ ዳር ሙሉ የተጠበሰ ዓሣ ከነአዋዜው በጥቂት ብር ይበላ ነበር፤ ዛሬ በዚያ ብር ለዓሣው የሚጨመቀው ሎሚም አይገኝ። እኔ የቡልቡላ ጤና ጣቢያ ነርስ ነበርኩ፤ ሥራዬም በየገጠሩ እየዞሩ ሕፃናትን መክተብ ነው። ሠላሳውን አልፌ ባል አላገባሁም፣ ዘመዶቼም "ቆማ ቀረች" ማለት ጀምረው ነበር። ቀን ቀን አልሰማቸውም። ማታ ማታ ፊት ለፊት ያለው ሻይ ቤት አንዱን የፍቅር ካሴት ክሩ እስኪላላ ደጋግሞ ሲያጫውት ግን፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ሆዴ ይባባ ነበር።

ሳይክሉን ያመጣልን በዝዋይ የአበባ እርሻ ይሠራ የነበረ አንድ ፈረንጅ ነው። ወደ አገሩ ሲመለስ "ለክትባቱ ሥራ ይሁን" ብሎ ለጤና ጣቢያው ሰጠ። ቀዩ ቀለሙ ያን ጊዜም ተልጧል፣ መሐሉ ላይ እንደ መኪና ትልቅ ሞላ ተጋድሞበታል። ወንዶቹ ሠራተኞች አንድ ቀን ነድተውት "ይሄ ነገር ይወዛወዛል" ብለው ተዉትና ለእኔ ደረሰ። የወንድሜን ጂንስ ከቀሚሴ ሥር አድርጌ፣ ሸራ ጫማዬን አጥልቄ፣ ሻሼን አጥብቄ አስሬ፣ ነጩን ጋዋን ቦርሳዬ ውስጥ አጥፌ ወጣሁ። እናቶች ደረታቸውን ደቅተው "ውይ ልጄ፣ ማህፀንሽ!" አሉ። "ማህፀን የት እንዳለ እኔ ልንገራችሁ" ብዬ አለፍኳቸው። የክትባቱን የበረዶ ሳጥን ከኋላ በካላማዳሪ ቁራጭ ጠፍሬ ስሄድ፣ ጎድጓዳው ላይ ሞላው ዝቅ ከፍ ይላል፣ ሳጥኑም እኔም አብረን ዝቅ ከፍ እንላለን። የአብያታ ሐይቅ ዳር ልጆች "ሳይክሏ ትተነፍሳለች!" እያሉ ይከተሉኝ ነበር። የግራሩ ጥላ፣ የሶዳው አቧራ፣ ከሐይቁ የሚመጣው ንፋስ፤ እንደዚያ ቀልሎኝ የሄድኩበት ዘመን የለም።

አንድ የገበያ ቀን የግራር እሾህ ጎማዬን በሳው። ጋሽ ገመዳ በር፣ መስኮት፣ የጋሪ ብረት ይበይዳሉ፤ ጎማም ይለጥፋሉ። ሳይክሉን እሳቸው ጋ ትቼ ገበያው ዳር ሕፃናት ስከትብ ዋልኩ። ስመለስ ጎማው ተነፍቶ ቆሟል፣ ጄኔሬተራቸው ገና ይጨሳል፣ እሳቸውም ላባቸውን እየጠረጉ ልጅ እንደ ተወለደለት ሰው ፈገግ ብለዋል።

"ሲስተር፣ የጎማውስ ቀላል ነው። ወገቡ ተሰብሮ ነው ስትነጂው የከረምሽው፤ አላወቅሽም?"

"ወገቡ?"

"ከመሐል ይንቀሳቀስ ነበር እኮ! ዙሪያውን በየድኩት። እስቲ ተጫኚው!"

ኮርቻውን ተጫንኩት። ንቅንቅ የለም። የሚታጠፈው መገጣጠሚያ ዙሪያውን በብየዳ ተከቧል፣ ሞላውም ሥራ ፈትቶ ተጋድሟል። የጋሪ ወገብ ተንቀሳቀሰ ማለት ተሰበረ ማለት ነው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጋሪ ለጠገኑ ሰው ከዚህ የተለየ ሐሳብ ከየት ይመጣል? ሒሳብ ስጠይቃቸው ተቆጡ። "ለልጆቻችን መርፌ የምትወጊ ልጅ፣ በተሰበረ ሳይክል ስትሄጂ ዝም ብዬ ልይ? ሂጂ!" አሉኝ። ፊታቸው ላይ የነበረውን ደስታ ብታዩ እናንተም አፋችሁን ትይዙ ነበር። "እግዜር ይስጥልኝ ጋሽ ገመዳ" ብዬ ወጥቼ፣ የመጀመሪያው ጎድጓዳ ላይ ጥርሴ ከጥርሴ ተጋጨ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት ለመቀመጫዬ የጾም ወራት ነበሩ። ልጆቹም "ሳይክሏ ሞተች" ብለው መከተላቸውን ተዉ። ብረት መታጠፍ ባለበት ቦታ ከተከለከለ ሌላ ቦታ ይሰበራል፤ ሰውም እንደዚያው ነው። አንድ ቀን በአርሲ ነገሌ መንገድ ላይ ከብየዳው አጠገብ ቀጭ አለና ተሰነጠቀ። ሳይክሉ ካልዳነ እነዚያን ቀበሌዎች በእግር ማዳረስ አልችልም፤ የማላዳርሳቸው ልጆች ደግሞ ሳይከተቡ ይቀራሉ። ስንዴ ጭኖ ወደ ናዝሬት የሚሄድ የጭነት መኪና አቆምኩና ሳይክሉም እኔም ጆንያ ላይ ወጣን። ሹፌሩ ናዝሬት ሲደርስ ባቡር ጣቢያው አካባቢ፣ "እዚህ ቤት ያልተቻለ ብረት የትም አይቻልም" ብሎ አወረደኝ።

ቶርኖ ቤቱ ውስጥ ሰማያዊ ቱታ የለበሰ፣ ጆሮው ላይ እርሳስ የሰካ ቀጭን ሰው ነበር። ተሾመ ነው። ሳይክሉን ገልብጦ ብየዳውን በጣቱ ዳሰሰው። ይስቃል ብዬ ስጠብቅ አልሳቀም።

"ማን ነው የበየደልዎት?"

"አንድ ደግ ሰው።"

"ብየዳው እኮ ጥሩ ነው። ቦታው ነው እንጂ" አለ።

ያን ሲል ወደድኩት። አሁን ሳስበው ያኔውኑ ነው። የማያውቀውን ሰው፣ በሌለበት፣ ያበላሸውን ሥራ እያየ ስሙን የጠበቀ ሰው የእኔንም ይጠብቃል ብዬ ይሆናል፤ ወይም የዓይን ሽፋሽፍቱ ረጅም ስለነበር ይሆናል። ብየዳውን በመጋዝ በጥንቃቄ ቆርጦ ፈታው፣ ስንጥቁን አስጠገነው፣ አዲስ ፒን ከነቦኮላው ሠራለት። "ቦኮላው ናይለን ነው፤ ቶሎ ይለበሳል። በየሁለት በየሦስት ወሩ ብቅ ማለት ይኖርብዎታል" አለኝ። ብቅ አልኩ። ሳይክሉን አውቶቡስ ጣሪያ ላይ እያስጫንኩ ከቡልቡላ ናዝሬት ተመላለስኩ። ቦኮላው እስኪቀየር ፖስታ ቤት አጠገብ ወዳለው ጁስ ቤት ይወስደኛል፤ የአቮካዶና የማንጎ እስፕሪስ ይቀርባል፣ እሱ ስለ ብረት ያወራል፣ እኔ ስለ ኩፍኝ አወራለሁ። እንዲህ ዓይነት ፍቅር አይታችሁ ታውቃላችሁ? "እርስዎ"ው ወደ "አንቺ" የወረደው ስንተኛው ቦኮላ ላይ እንደሆነ አላስታውስም። ዝዋይም ቶርኖ ቤት እንደነበረ የሰማሁት በኋላ ነው፤ ቀድሜ ብሰማም ኖሮ አልሄድም ነበር።

ጤና ጣቢያው ሳይክሉን ለሠርጌ መረቀልኝ። በተጋባን ሳምንት ተሾመ ግቢያችን ውስጥ ተቀምጦ የሚያብረቀርቅ የነሐስ ቦኮላ ሲያስገባ አየሁት። "ይሄኛው ዓመታት ይቆያል" አለኝ። "ነሐስ እያለልህ ያን ሁሉ ጊዜ በናይለን ያመላለስከኝ ለምንድን ነው?" ብዬ ብጠይቀው አቀርቅሮ ፈገግ አለ። "ያኔ ቶሎ እንዲለበስ ነበር የምፈልገው" አለኝ። አንድ ቀን ሙሉ አኮረፍኩት። የቀረውን ዘመን ሁሉ ግን እያስታወስኩ ሳቅሁበት።

የእኛ እሑድ የሳይክል ነበር። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ምሳ ተበልቶ፣ ፓፓያው ሥር ጆንያ ይነጠፋል፣ ሳይክሉ ይገለበጣል። የናዝሬት ንፋስ አቧራውን የማያስገባበት ቀዳዳ ስለሌለ ሰንሰለቱ በነጭ ጋዝ ይታጠባል፣ መገጣጠሚያው በግራሶ ይሞላል፣ ፍሬኑ ይጠብቃል። የድሮ ሳይክል መለዋወጫ ገበያ ላይ አይገኝም፣ እንደ ተሾመ ያለ ሰው ደግሞ የለም የሚለውን ቃል አይወድም። የመጀመሪያው ሞላ ሲደክም የሞተር ሳይክል ሞላ አሳጥሮ ገጠመለት፤ የፊት ጎማውን የሚይዘው ሹካ ዘይት ማንባት ሲጀምር ከባጃጅ ጎማ ዘይት የሚይዝ ቀለበት ቆርጦ ሠራለት። ዓመት በዓመት እየተለወጠ ከፈረንጁ የቀረው አጥንቱ ብቻ ሆነ። አጥንቱም ላይ የጋሽ ገመዳ ብየዳ ጠባሳ አለ፤ ተሾመ ሊሞርደው አልፈለገም። "እሳቸው ባይበይዱት አትመጪም ነበር። አንድ ቀን ቡልቡላ ሄደን እናመሰግናቸዋለን" ይለኝ ነበር። እኔም ወደ ናዝሬት ተዛወርኩ፣ ልጅ ተወለደ፤ ዛሬ ነገ ስንል አንድ ጊዜ ብንሄድ ጋሽ ገመዳ ቡልቡላን ለቀዋል ተባልን። ከዚያ የተሾመ ልብ ደከመ። እሱ ታሞ በተኛበት ጊዜ ግራሶ ማን አስታወሰ? ነሐሱ ደርቆ ሲፋጭ ከርሞ አለቀ።

ይህን ሁሉ ይዤ ነው ጋሪ ተራው ላይ ፊታቸው የቆምኩት። ለዓይን ሕክምና አዳማ ልጃቸው ቤት መጥተው ነው። "እየገፋሽ የመጣሽው ያ ሳይክል ነው?" አሉኝ። እጃቸውን ይዤ መገጣጠሚያው ላይ አኖርኩላቸው። ጣታቸው ጠባሳውን ወዲያው አገኘው። "የኔ ሥራ!" አሉና ፊታቸው በራ። ከዚያ ኮርቻውን ተጫኑት። ሲጢጥ ብሎ ዝቅ አለ፣ ከፍም አለ።

"ሲስተር፣ እንደገና ተሰብሯል እኮ! ዓይኔ ደህና ቢሆን እበይድልሽ ነበር።"

ዝም ብል ይቻለኝ ነበር። ግን የተሾመን ምስጋና ሳላደርስ መሄድ አልሆነልኝም።

"ጋሽ ገመዳ፣ ያኔም አልተሰበረም ነበር። እንዲታጠፍ ተደርጎ የተሠራ ነው።"

ጣታቸው ጠባሳው ላይ ቆመ። "አበላሸሁብሽ በይኛ" አሉ በቀስታ። "ምነው ታዲያ ያን ጊዜ አልነገርሽኝ?"

"ደስታዎን ማበላሸት አልፈለግኩም። አሁን ደግሞ የቀረውን ይስሙ።" አጠገባቸው ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የአርሲ ነገሌውን መንገድ፣ የስንዴውን መኪና፣ ናይለኑን፣ ነሐሱን፣ ልጄን ሕይወትን። "እርስዎ ባይበይዱት ኖሮ ባል አላገኝም፣ ልጅም የለኝም። ባለቤቴ ሊያመሰግንዎት ሲመኝ ነው የሞተው" አልኳቸው።

ጋሽ ገመዳ አቀረቀሩ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ አለቀሱ ብዬ ደንግጬ ሳያቸው ለካ እየሳቁ ነው። "ገለታ ረቢ፣ ምስጋና ለአምላክ! ሽማግሌ ሆኜ የዳርኩሽ እኔ ነኛ! የሠርጉን ምግብ እንኳን ሳልቀምስ!"

"ሠርጉ አምልጦዎታል። ሙት ዓመቱ ቅዳሜ ነው፤ መጥተው ይብሉልኝ" አልኳቸው። ሁለታችንም ሳቅን፣ ሁለታችንም ዓይናችንን ጠረግን። ተሾመ ካረፈ ወዲህ እንደዚያ ከልቤ ስስቅ የመጀመሪያዬ ነበር።

የቦኮላውን ነገር፣ ለሕይወት የገባሁትንም ቃል ነገርኳቸው። "የትኛው ነው እንቢ ያለው? ውሰጂኝ" ብለው ተነሡ። አንድ እጃቸው ዱላው ላይ፣ አንዱ ኮርቻው ላይ ሆኖ፣ እኔ መሪውን ይዤ፣ ያሬድ ቶርኖ ቤት ተመልሰን ገባን። ያሬድ ሽማግሌ ሲያይ ብድግ ብሎ በርጩማ አቀረበ። "አባባ፣ ቁጭ ይበሉ።"

"አልቀመጥም። ሽማግሌ ሆኜ ነው የመጣሁት፤ ጉዳዬ ሳይሰማ አልቀመጥም።"

ልጅ ሊጠይቅ የመጣ ሽማግሌ ምላሹን ሳይሰማ እንደማይቀመጥ የማያውቅ የለም። ሠራተኞቹ ሥራቸውን አቆሙ። ያሬድ ግራ ገብቶት አንዴ እሳቸውን አንዴ እኔን ያያል። "ለማን ነው ሽማግሌነቱ?"

"ለዚህ ሳይክል" አሉ ጋሽ ገመዳ፤ ሠራተኞቹ ሳቁ፣ እሳቸው ግን አልሳቁም። "ይሄን ወገብ የበየድኩት እኔ ነኝ። የፈታው ባሏ ነው። ባሏ የለም፣ እኔም ዓይን የለኝም። የቀረኸው አንተ ነህ ልጄ።"

ያሬድ ሳይክሉ ጋ ጎንበስ ብሎ ጠባሳውን አየው። ከዚያ እጁን በጨርቅ ጠርጎ ዘረጋልኝ፤ ለናሙና ፈትቼ የያዝኩትን ያለቀ ቦኮላ ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠሁት። እያገላበጠ አየው። "እሺ፣ እሠራለሁ" አለ። "ግን ነሐስ የለኝም፤ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ይጠብቁ። አሁን ያለኝ ናይለን ነው፣ እሱ ደግሞ ቶሎ ይለበሳል። በየሁለት በየሦስት ወሩ መመላለስ ሊሆንብዎት ነው።"

"ናይለን ይሁንልኝ" አልኩት።

"መመላለሱ አይከብድዎትም?"

"እሱን ለምጄዋለሁ።"

ያሬድ ማሽኑን አስነሣ። ጋሽ ገመዳም በርጩማውን በዱላቸው ፈልገው ተቀመጡ።